ሽንት ውስጥ ደም ሲታይ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ሰላም ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሽንት ውስጥ ስለሚታይ ደም ስለሆኑ ዓምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ስም አልጠቅስም፣ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሳላያችሁና ሳልመረምራችሁ በሽታችሁ ይሄ ነው ማለት አልችልም፣ ግን የቱ እንደሚያስቸኩል፣ የቱ እንደማያስፈራ፣ ሐኪም ጋ ስትገቡ ደሞ ምን ብላችሁ መናገርና ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? የ56 ዓመት ሰው ነኝ። ከወር በፊት ጠዋት ስሸና ሽንቴ ሥጋ የታጠበበት ውሃ መስሎ ወጣ፣ ምንም ሕመም የለም ማቃጠል የለም፣ በማግስቱ ጠራ። ከሳምንት በኋላ ደገመኝ፣ አሁንም በራሱ ቆመ። ከዛ ወዲህ ውሃ አብዝቼ እየጠጣሁ ነው፣ አላየሁም። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ሂድ እያለች ትጨቀጭቀኛለች፣ አሁን ምንም የለኝም ምን ብዬ ልሂድ? ሲጋራ ብዙ ዓመት አጭሻለሁ፣ ካቆምኩ ቆይቷል።

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይሂዱ። ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ የርስዎ ነው፣ ያሳሰበኝም ስላላመመዎት ነው። ሰው ሲያመው ይሮጣል፣ ካላመመው ይቀመጣል፣ የሽንት ደም ላይ ግን ነገሩ ግልባጭ ነው። ማቃጠልና ማጣደፍ ካለው ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፣ ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ መቀመጫ መቆሚያ የሚያሳጣ ሕመም ካለው ብዙ ጊዜ ጠጠር ነው፣ በትልቅ ሰው ላይ ያለምንም ሕመም የሚመጣ ደም ግን ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የፊኛ ወይም የኩላሊት ካንሰር ይሆን እንዴ ተብሎ መፈተሽ አለበት።

በራሱ መቆሙ አያታልልዎት። የፊኛ እጢ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አንድ ቀን ይደማል ከዛ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ጸጥ ይላል፣ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይተወዋል፣ ሲመለስ ግን እጢው አድጎ ይጠብቀዋል። ውሃውም ሽንትዎን አቅጥኖት ይሆናል እንጂ የሚደማውን ቦታ አልነካውም። ደሙ ትንሽ ነበር ብለውም አይናቁት፣ አንድ ሊትር ሽንት ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ቢገባ እንኳን ቀለሙ ለዓይን ይታያል፣ ስለዚህ ስንት ደም ፈሰሰ የሚለው ሳይሆን ከየት መጣ የሚለው ነው ጥያቄው። እኔ ታካሚዎቼን ሁሌ የምላቸው፣ ደሙ ሲቆም ቀጠሮ አይሰረዝም። አንድ ጊዜም ብቻ ቢሆን በዓይን የታየ ደም ምርመራው እስከ መጨረሻው ይኬዳል።

ሲጋራውን ማንሳትዎ ጥሩ ነው፣ ለሐኪሙም ይንገሩት፣ ስንት ዓመት በቀን ስንት እንደነበር ጭምር። የሲጋራ መርዝ በሳምባ ገብቶ ወደ ደም ያልፋል፣ ኩላሊት ያጣራውና ወደ ሽንት ይጥለዋል፣ ሽንቱ ደሞ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ተጠራቅሞ ይቆያል፣ የፊኛን ግድግዳ በየቀኑ እየነካ ማለት ነው። ለፊኛ ካንሰር ትልቁ አጋላጭ ሲጋራ ነው። ማቆምዎ አደጋውን ቀንሶታል ግን ዜሮ አላደረገውም። ከሲጋራ ሌላ የአንዳንድ ፋብሪካ ኬሚካሎችም አሉ፣ ሉድቪግ ሬን የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1895 እ.ኤ.አ. የማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ እጢ አይቶ ከሥራቸው ጋር እንደሚያያዝ የጻፈው ያኔ ነው፣ ስለዚህ ቀለም፣ ጎማ፣ ቆዳ ማልፊያ ምናምን ጋ ሠርተው ከሆነ እሱንም አይደብቁ።

አሁን ደሞ ልቤን ልክፈትልዎት፣ ደም አይተው ከሚመረመሩት ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይገኝባቸውም። በርስዎ ዕድሜ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር የሽንት ቱቦውን የከበበ የወንዶች አካል) ሲያድግ በላዩ ያሉት ስስ ደም ሥሮች ይደማሉ፣ ጠጠርም ዝም ብሎ ተቀምጦ ሊያደማ ይችላል። ግን "ፕሮስቴት ነው" የሚለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ከተጣራ በኋላ የሚሰጥ መልስ ነው፣ በዕድሜ ተገምቶ የሚሰጥ አይደለም። ካንሰርም ቢሆን ከፊኛ ካንሰሮች አብዛኞቹ ሲገኙ ገና ወደ ጡንቻው አልገቡም፣ እንደዚህ ሲሆን ሆድ ሳይቀደድ በሽንት ቱቦ በኩል በመሣሪያ ገብቶ መላጥ ይቻላል። ወደ ጡንቻ ከገባ ግን ወሬው ፊኛን አውጥቶ ስለመጣል ይሆናል። እንዲቸኩሉ የምለምንዎት ለዚህ ነው።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሽንት ምርመራ፣ የኩላሊት ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ (ክሬቲኒን)፣ የኩላሊትና የፊኛ ምስል (አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን) እና ፊኛን በካሜራ ማየት (ሲስቶስኮፒ) ይጠብቅዎታል። አልትራሳውንድ ብቻ ተነስተው "ንጹህ ነህ" ከተባሉ አይበቃም፣ ትንሽ የፊኛ እጢ ለአልትራሳውንድ ሊደበቅ ይችላል፣ ካሜራው ነው የሚያየው። እንደገና ከመጣ ደሞ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ አይፈሩ፣ ለኛ ቀለሙን ማየት ከብዙ ወሬ ይሻለናል። ደሙ ሽንት ሲጀምር ብቻ ነው፣ ሲጨርስ ነው ወይስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለውንም ልብ ይበሉ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻ ከሆነ ከሽንት ቱቦ፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ከፊኛ አንገት ወይም ከፕሮስቴት፣ ሙሉውን ከሆነ ከፊኛ ወይም ከላይ ከኩላሊት ሊሆን እንደሚችል ይጠቁመናል።

ጥያቄ፦ ዶክተርዬ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎ ያስኬደኛል፣ መጨረሻ ላይ ደም ጠብ ይላል። በዚህ ዓመት ብዙ ጊዜ ተመላለሰብኝ። የመጀመሪያውን መድኃኒት ስሙን ስለያዝኩት አሁን በመጣ ቁጥር ፋርማሲ ሄጄ እሱኑ እገዛለሁ፣ ሲሻለኝ አቆመዋለሁ። ደሙ ግን አንዳንዴ ማቃጠሉ ሳይኖርም ይታየኛል፣ ከኢንፌክሽኑ ነው አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያው ጊዜ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የሴት ልጅ የሽንት ቱቦ አጭር ስለሆነ ከአካባቢው ባክቴሪያ ቶሎ ወደ ፊኛ ይወጣል፣ ፊኛው ሲቆጣ ደሞ ይደማል፣ የተለመደ ነገር ነው፣ በትክክለኛው አንቲባዮቲክ በጥቂት ቀን ይለቃል። እኔን ያሳሰበኝ የደብዳቤሽ የመጨረሻው መስመር ነው፣ ማቃጠል ሳይኖር ደም ይታየኛል ያልሽው። እሱን በኢንፌክሽን ስም አንቀበለውም።

የፊኛ ካንሰር በወንዶች ላይ ከሴቶች ሦስት አራት እጥፍ ይበዛል፣ ሴቶች ላይ ግን ዘግይቶ ነው የሚገኘው፣ አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፣ ሴት ደም አየሁ ስትል "ኢንፌክሽን ነው" ተብላ አንቲባዮቲክ ይሰጣታል፣ በሚቀጥለውም እንደዛው፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ የሽንት ምርመራ) ሳይሠራ ወራት ይሄዳሉ። ወይም ደሞ የወር አበባ ነው ይባላል። በሽታው ይሄ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ በ38 ዓመት ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ግን ምክንያቱን ሳናይ በስሙ ብቻ እየጠራነው መድኃኒት መቀያየር ልክ አይደለም።

እንዲህ አድርጊ። በሚቀጥለው ሲጀምርሽ መድኃኒት ከመዋጥሽ በፊት ሽንት ሰጥተሽ ካልቸር ይሠራልሽ፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በሱ ነው የሚታወቀው። አሰጣጡም ወሳኝ ነው፣ በደንብ ታጥበሽ፣ የመጀመሪያውን ጥቂት ወደ ሽንት ቤት ለቀሽ፣ መሀለኛውን በንጹህ ዕቃው ትቀበያለሽ፣ የወር አበባ ላይ ከሆንሽ ደሞ ለላብራቶሪው ትናገሪያለሽ ወይም እስኪያልፍ ትጠብቂያለሽ። የታዘዘልሽን እስከመጨረሻው ጨርሺ፣ በተሻለሽ ቁጥር ማቆም ባክቴሪያውን መድኃኒት እንዲለምድ ማስተማር ነው። ከጨረስሽ በኋላ ከጥቂት ሳምንት ቆይተሽ ሽንትሽን ድገሚ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሷን ነው። ባክቴሪያው ጠፍቶ ደሙ ካለ፣ ወይም ካልቸሩ መጀመሪያውኑ ንጹህ ሆኖ ደም ካለ፣ ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላት ሐኪም) ጋ ላኩኝ በይ፣ አፍረሽ ዝም አትበይ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎንሽን መውጋት፣ ማስታወክ ከጨመረ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ቀን ሂጂ። እርጉዝ ከሆንሽማ ቀላል የሚመስለውም ኢንፌክሽን ይታከማል፣ መጠበቅ የለም፣ መድኃኒቱም ለእርግዝና የሚሆነው ስለሚመረጥ ከፋርማሲ በራስሽ አትግዢ።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ጀምሮ ሽንቴ ብርቱካናማ ቀይ ሆኗል። ደም ነው እንዴ? ልተወው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳትተወው! ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ነው፣ ሽንትን ላብን እንባን ሳይቀር ያቀላል፣ ጉዳት የለውም፣ የቲቢ መድኃኒት ማቋረጥ ግን ከባድ ጉዳት አለው። ቀይ ስር የበላ ሰውም ሽንቱ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ የተወሰኑ የሆድ ድርቀት መድኃኒቶችና ለሽንት ማቃጠል የሚሰጥ አንድ ማስታገሻም ቀለም ይቀይራሉ። መለየቱ ቀላል ነው፣ ሽንትህን ላብራቶሪ ስጥ፣ ቀይ የደም ሴል ከሌለ ደም አይደለም። መድኃኒቱን ከመጀመርህ በፊት ጀምሮ ቀይ ከነበረ ግን እሱን ለይተህ ንገራቸው፣ ምክንያቱም ቲቢ ራሱ ኩላሊትና ፊኛ ውስጥ ገብቶ ሊያደማ ይችላል።

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው፣ ለሥራ ቼካፕ ሳደርግ ሽንት ላይ "ደም 2 ፕላስ" ተባልኩ። በዓይኔ ምንም አላየሁም ሽንቴ ንጹህ ቢጫ ነው። በፊት ቀን ረጅም ሩጫ ሮጬ ነበር። ኢንተርኔት ላይ አንብቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ ዶክተር።

መልስ፦ ወንድሜ ተንፈስ በል፣ ያ "ፕላስ" የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ስትሪፕ ቀለሙን የሚቀይረው በደም ውስጥ ላለው ቀይ ንጥረ ነገር ነው፣ ለራሱ ለደም ሴሉ አይደለም፣ ከጡንቻ የሚወጣ ተመሳሳይ ነገርም ያቀላዋል። ስለዚህ ስትሪፕ ፖዘቲቭ ሲሆን ቀጥሎ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ በአንድ እይታ ሦስትና ከዛ በላይ ቀይ የደም ሴል ከተቆጠረ ነው በዓይን የማይታይ ደም አለ የሚባለው። ወረቀትህን አውጣና "አር ቢ ሲ" (ቀይ የደም ሴል) የሚለው መስመር ላይ ቁጥር ተጽፎ እንደሆነ እይ፣ ካልተጻፈ ምርመራው ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

ሩጫው ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ከበድ ያለ እንቅስቃሴ ካደረጉ በኋላ ሽንት ላይ ደም መታየቱ የታወቀ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 72 ሰዓት ባለው ይጠፋል። ስለዚህ ሦስት አራት ቀን ከስፖርት አርፈህ ድገመው፣ ከጠፋ ጥሩ፣ ከቀጠለ ሩጫው ላይ አናሳብብም። አንድ ነገር ግን ለስፖርተኞች ሁሉ ልናገር፣ ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ጠቁሮ፣ ጡንቻ አብጦና ለመንካት እስኪያቅት ካመመ ያ ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊትን እየዘጋ ሊሆን ስለሚችል ቤት ተኝቶ የሚያልፍ ነገር አይደለም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሲደገምም ካለ ሁለት መንገድ አለው። ከደሙ ጋር ፕሮቲን ካለ፣ የደም ግፊትህ ከፍ ካለ፣ ክሬቲኒን ከጨመረ፣ ወይም ላብራቶሪው የደም ሴሎቹ ቅርጻቸው የተበላሸ ነው ካለ፣ ደሙ እየመጣ ያለው ከኩላሊት ማጣሪያው ነው ማለት ሊሆን ስለሚችል ኔፍሮሎጂስት (የኩላሊት ሐኪም) ያይሃል። እነዚህ ከሌሉ ደሞ ወደ ዩሮሎጂስት፣ በዕድሜህና በሲጋራ ታሪክህ ተመዝኖ ለወጣት ለማያጨስ ሰው ሽንቱን እንደገና መመርመር ወይም አልትራሳውንድ ሊበቃ ይችላል፣ ዕድሜው ስልሳ ለደረሰ ወይም ብዙ ላጨሰ ሰው ግን በዓይን ባይታይም ሲቲ ስካንና ካሜራ ያስፈልገዋል። በቤተሰብ ኩላሊታቸው የታመመ፣ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የገቡ፣ በልጅነት መስማት ያቃታቸው ካሉ ንገራቸው፣ በዘር የሚመጡ የኩላሊት በሽታዎች አሉ። ደም 2 ፕላስ ያለበትን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተህ ሥራ መጀመር ብቻ ነው የማልፈቅድልህ።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ጉሮሮውን አሞት ከዳነ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ትናንት ሽንቱ ሻይ መስሎ ወጣ፣ ዛሬ ጠዋት ደሞ ዓይኑ ስር አብጧል። ሽንቱም ቀንሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ይሄን ስታነቢ ገና ካልሄድሽ ዛሬውኑ ይዘሽው ሂጂ፣ የደም ግፊቱ ይለካለት። የገለጽሽው ነገር በጉሮሮ ባክቴሪያ (ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው) ምክንያት ከሚመጣ የኩላሊት ማጣሪያ መቆጣት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ባክቴሪያው ራሱ ኩላሊት ውስጥ አልገባም፣ ሰውነቱ እሱን ለመዋጋት ያመረተው ነገር ነው ማጣሪያው ላይ የሚያርፈው፣ ስለዚህ ነው ጉሮሮው ከዳነ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሚመጣው፣ ቆዳ ላይ ቁስል ከነበረው ደሞ ከዛም ሊዘገይ ይችላል። ቀለሙ ቀይ ሳይሆን ሻይ ወይም ኮካ የሚመስለውም ደሙ ከላይ ከማጣሪያው ስለሚመጣ ነው።

የምቸኩለው ስለ ደሙ አይደለም፣ ስለ ግፊቱ ነው። ኩላሊቱ ውሃና ጨው ማስወጣት ሲያቅተው ግፊት ይወጣል፣ ልጅ ላይ ግፊት በጣም ሲወጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መደናበር፣ ማንቀጥቀጥም ያመጣል። የሽንትና የደም ምርመራ ያደርጉለታል፣ ጨው እንዲቀነስ፣ የሚጠጣውም እንዲመጠን ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ስለዚህ "ይታጠብለት" ብለሽ ውሃ አታብዢበት። ለሕመም ብለሽ አይቡፕሮፌን አትስጪው፣ ኩላሊቱን ይጫነዋል።

ብዙዎቹ ልጆች ሙሉ በሙሉ ይድናሉ፣ እብጠቱ በቀናት ሻይ የመሰለው ሽንት በሳምንታት ይለቃል። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ደም ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ በየቀጠሮው "አሁንም ደም አለ" ሲሉሽ ልብሽ አይሰበር፣ ቀጠሮውን ግን አታቋርጪ። ሽንቱ የቀላው ጉሮሮው በታመመበት ሰሞን፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት የኩላሊት በሽታ እናስብ ነበር፣ ስለዚህ ጉሮሮው መቼ እንደጀመረው ቀኑን አስታውሰሽ ንገሪያቸው።

በነገራችን ላይ ጨቅላ ልጅ ያላችሁ ሁለት እናቶች ዳይፐር ላይ የጡብ ቀለም ያለው ነጠብጣብ አየን ብላችሁ ጠይቃችኋል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ጊዜ ደም ሳይሆን የሽንት ጨው ክሪስታል ነው፣ ጡት በደንብ እየጠባ እንደሆነ ይታይ፣ ከቀጠለ ግን አሳዩት።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ ለልቡ ዋርፋሪን ይወስዳል። ከትናንት ጀምሮ ደም ይሸናል፣ ዛሬ የረጋ ደምም ወጣ። ወንድሜ ደም ማቅጠኛው ነው ያመጣው እናቁምለት ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድምሽ በራሱ እንዳያቆመው! አባትሽ ማቅጠኛውን የሚወስዱት ደም ረግቶ ወደ ጭንቅላት እንዳይሄድ ሊሆን ይችላል፣ በድንገት ሲቆም የሚመጣው ስትሮክ ከሽንት ደሙ ይብሳል። ዛሬውኑ ይወሰዱና የደም መቅጠን ልኬታቸው ይታይ፣ ከልክ በላይ ቀጥኖ ከሆነ ማስተካከያ አለው፣ ማቆምም ካስፈለገ የሚወስነው የሚያክማቸው ሐኪም ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ "ማቅጠኛው ነው" የሚለው መልስ ራሱ አደገኛ ነው። መድኃኒቱ ጤነኛ ፊኛን እንዲሁ አያደማም ማለት ይቻላል፣ አንድ የተደበቀ ነገር ካለ ቶሎ እንዲደማ ያደርገዋል፣ እጢ ይሁን ጠጠር ይሁን ፕሮስቴት። ስለዚህ ዋርፋሪንም ይሁን አስፒሪን ወይም አዲሶቹን ማቅጠኛዎች የሚወስድ ሰው ልክ እንደማንኛውም ሰው ሙሉ ምርመራ ይደረግለታል። በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወይም የሕመም ማስታገሻ ጀምረው እንደሆነም ጠይቂያቸው፣ ብዙ መድኃኒቶች የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራሉ፣ ቤት ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ በላስቲክ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የረጋ ደሙ ነገር ደሞ ሰዓት የሚቆጥር ነው። የረጋው ደም የፊኛውን በር ይዘጋና ሽንት አልወጣ ይላል፣ ከእምብርት በታች ይነፋል፣ ሕመሙ ያስጮኻል። መሽናት ካቃታቸው በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂያቸው፣ ሌሊትም ቢሆን። እዛ ወፈር ያለ ባለ ሦስት አፍ ካቴተር (በሽንት ቱቦ የሚገባ ጎማ) ይገባላቸዋል፣ በአንዱ በኩል ውሃ እየገባ በሌላው የረጋው ደም እየታጠበ ይወጣል፣ ሲያዩት ያስደነግጣል ግን ወዲያው ነው የሚያቀልላቸው። ውሃ በብዛት መጠጣት ደም እንዳይረጋ ይረዳል፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ጠይቆ ነው። መፍዘዝ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ሲቆሙ መውደቅ ካለም ያው ድንገተኛ ነው፣ ከአደጋ ወይም ጎን ላይ ከመመታት በኋላ የመጣ ደምም እንደዛው።

ጥያቄ፦ ልጅ እያለሁ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ስዋኝ ነው ያደግኩት። አሁን ሽንት ስጨርስ ደም ይንጠባጠባል፣ ጓደኛዬ ብልሃርዚያ ነው አለኝ። ብልሃርዚያ የሆድ በሽታ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ሊሆን ይችላል። ብልሃርዚያ ከአንድ በላይ ዓይነት ነው፣ አንደኛው አንጀትን ያጠቃል፣ ሌላኛው ደግሞ በሽንት ፊኛ ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፣ እንቁላሉ የፊኛውን ግድግዳ ሰንጥቆ ሲወጣ ነው የሚደማው፣ ሽንት ሲያልቅ መሆኑም ከሱ ጋር ይሄዳል። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ትሉን በ1851 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ ነው ያገኘው፣ ስሙም ከሱ ነው የመጣው። በሽታው የሚይዘው ልዩ ቀንድ አውጣ ያለበት ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ውስጥ በመግባት ነው፣ በሁሉም ውሃ አይደለም፣ ስለዚህ የት የት እንደዋኘህ ለሐኪሙ ዘርዝርለት።

ሽንት የሚሰጥበት ሰዓት እዚህ ላይ ልዩነት ያመጣል። እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ነው፣ የመጨረሻው ጠብታ ላይ ደሞ ይበዛል፣ ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆድ የሰጠኸው ሽንት "ንጹህ ነው" ቢባልም ቀትር ላይ ድገመው። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው፣ በኪሎ ተመዝኖ የሚሰጥ። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ብልሃርዚያ ፊኛን ያጠነክራል፣ ወደ ኩላሊት ሽንት ይመልሳል፣ ለፊኛ ካንሰርም ያጋልጣል፣ ስለዚህ ኪኒኑን ውጠህ ደሙ ባይቆም ወይም ዕድሜህ ገፍቶ ከሆነ ፊኛህ በአልትራሳውንድና በካሜራ ይታይልህ።

ጥያቄ፦ ዶክተር ሲስቶስኮፒ ታዞልኝ ሁለት ጊዜ ቀጠሮውን አልፌዋለሁ። ፈራሁ፣ አፈርኩም። በሌላ ነገር መተካት አይቻልም?

መልስ፦ መፍራትህ ይገባኛል፣ ወንዶች በተለይ ይሄን ምርመራ ሲሸሹ ሁሌ አያለሁ፣ የሚነግራቸው ሰው ስለሌለ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። አብዛኛውን ጊዜ የሚተጣጠፍ፣ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው መሣሪያ ነው። በጀርባህ ትተኛለህ፣ ከሚታየው ቦታ በስተቀር በጨርቅ ትሸፈናለህ፣ የሚያደነዝዝ ጄል በሽንት ቱቦው ይጨመርና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። መሣሪያው ፕሮስቴቱ አካባቢ ሲያልፍ ነው የምትሳቀቀው፣ እዛ ጋ ሲደርስ በረጅሙ ተንፍስ፣ ሽንት እንደምትሸና አድርገህ ጡንቻህን ልቀቀው፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ያቀልላል። ከዛ ፊኛህ በውሃ ሲሞላ ሽንትህ የመጣ ይመስልሃል፣ ሐኪሙ ግድግዳውን ዙሪያውን ያያል፣ እስክሪኑ ካለ አንተም አብረህ ታያለህ። ካሜራው ገብቶ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። በጣም ከፈራህ ወይም ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ተኝተህ ማደንዘዣ ተሰጥቶህም ይሠራል፣ ጠይቅ፣ መብትህ ነው።

ሽንት ውስጥ የካንሰር ሴል የሚፈልግ ምርመራ አለ፣ ግን በተለይ ትንንሽና ዝግ ብለው የሚያድጉትን እጢዎች ስለሚስት ካሜራውን አይተካም። ማፈሩን በተመለከተ ከቻልክ የምትቀርበው ሰው አብሮህ ይሂድ፣ ወንድ ሐኪም እንዲያይህ ከፈለግክም ቀጠሮ ስታስይዝ ንገራቸው። ከምርመራው በፊት የሽንት ኢንፌክሽን እንደሌለብህ ይረጋገጥ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነም አስቀድመህ አሳውቅ። ከወጣህ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ስትሸና ሊያቃጥልህና ሽንትህ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ጠጣ። ትኩሳት ካለህ፣ የረጋ ደም ካየህ ወይም መሽናት ካቃተህ ግን እስከ ቀጠሮህ አትጠብቅ፣ ያንኑ ቀን ተመለስ።